ዝም ያለ ማሽን ሁሉ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይደለም

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)




የንግግራችን ርእስ በዚህ አዳራሽ ዘወትር ከሚሰሙት ከፍ ያሉ ጉዳዮች ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም አንድ ሰው በኮምፒዩተር ተርሚናል ፊት ተቀምጦ «ፕሮግራሙን ሥራ» ብሎ ካዘዘ በኋላ የጠበቀው ውጤት ሳይወጣ ሲቀር፣ ነገሩን ከየት ጀምሮ መመርመር እንደሚገባው የሚመለከት ነው። ርእሱን የመረጥነው ለመራቀቅ ብለን አይደለም። በዚሁ ጉዳይ ምክንያት አንድ ጓደኛችንን ስለበደልን ነው። የበደልነው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነበር፤ ነገር ግን ለተበዳዩ ሁለቱም እኩል ያማሉ።

ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። አራት ሆነን አንድ የጋራ ሥራ ተሰጠን። የአንድ ዓመት የዝናብ ልክ በየቀኑ የተጻፈበትን ፋይል አንብቦ የየወሩን አማካይ፣ በመጨረሻም የዓመቱን ድምር የሚያትም ፕሮግራም በሲ ቋንቋ እንድንጽፍ ነበር የታዘዝነው። ሥራውን ተከፋፈልን። አንዱ ቁጥሮቹን የሚያነበውን፣ ሁለተኛው አማካዩን የሚያሰላውን፣ ሦስተኛው ሰንጠረዡን የሚያትመውን ክፍል ወሰደ፤ አራተኛው ጓደኛችን ደግሞ የዓመቱን ድምር የሚያወጣውን ክፍል ሊጽፍ ተስማማ። የማስረከቢያው ቀን ዓርብ ነበር። ረቡዕ ማታ ያለቀውን ክፍል አንድ ላይ ሠርተን ተለያየን። ሐሙስ ማለዳ ያ ጓደኛችን ብቻውን ወደ ላቦራቶሪው ሄዶ የቀረውን ክፍል ጻፈና ወደ ትምህርቱ ሮጠ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ፕሮግራሙን ብናዘው፣ የአሥራ ሁለቱ ወራት አማካይ በተርታ ወጣ፤ የዓመቱ ድምር ግን የለም። ስሕተት የሚል ቃል አልታየም፤ ማስጠንቀቂያም አልነበረም። ፕሮግራሙን የሚሠራው መሣሪያ የተናገረው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን፣ እሱም «ፕሮግራሙ ወቅታዊ ነው፣ እንደገና የሚሠራ ነገር የለም» የሚል ነበር። ጓደኛችን «ጠዋት ጽፌዋለሁ» አለ። ከእኛ አንዱ የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣና «ይኸው ቀኑን ተመልከት፤ ይህ ፋይል ዛሬ አልተነካም» አለው። ሌላው ደግሞ ከዚያ የባሰ ቃል ጨመረ። ጓደኛችን ጥቂት ዝም ብሎ ካየን በኋላ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሱን ድርሻ ራሳችን ልንጽፍ ፋይሉን ከፈትነው። የዓመቱን ድምር የሚያወጡት መስመሮች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጽፈው፣ አልቀውና ተስተካክለው ቁጭ ብለዋል።

ክቡራን፤ ያን ጊዜ የተሰማንን መግለጽ አስፈላጊ አይደለም። አስፈላጊው ነገር የተጻፈው ሥራ ወዴት እንደገባ ማወቁ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ መሣሪያውን ከሥሩ ማወቅ ስለሚገባን በዚያው እንጀምራለን።

የተጠቀምንበት መሣሪያ «ሜክ» ይባላል። የፈጠረው ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ ሰው ሲሆን፣ ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር 1976 ዓ.ም.፣ ቦታውም በአሜሪካ አገር የሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ነው። አፈጣጠሩም እንዲህ ነበር። ስቲቭ ጆንሰን የተባለው ባልደረባው አንድ ቀን እየተናደደ ወደ ፌልድማን ቢሮ ገባ። የተናደደበትም ምክንያት ጧቱን ሙሉ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ መዋሉ ነው። ስሕተቱ ግን ቀደም ብሎ ታርሟል። የታረመው ጽሑፍ እንደገና ወደ ማሽን ቋንቋ ስላልተለወጠ ሲሠራ የነበረው አሮጌው ፕሮግራም ነበር። ፌልድማን ራሱም በዋዜማው ምሽት በሌላ ሥራ ይኸው መከራ ደርሶበት ስለነበር፣ ሁለቱ ሲነጋገሩ መፍትሔው ታሰበ፤ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ላይም «ሜክ» ተሠራ። ይህ መሣሪያ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በመላው ዓለም ስላገለገለ፣ ፌልድማን በአውሮፓ አቆጣጠር ለ2003 ዓ.ም. የአሜሪካ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ማኅበር የሶፍትዌር ሽልማት ተሰጥቶታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። መሣሪያው የተፈጠረው የታረመ ጽሑፍ ሳይሠራ እንዳይቀር ነው። እኛ የደረሰብን ደግሞ ያው በሽታ ነው፤ የመጣብንም በመድኃኒቱ በኩል ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ለምንድን ነው?

መልሱ መሣሪያው የሚፈርድበት መንገድ ላይ ነው። ለ«ሜክ» የሚጻፍለት ደንብ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የሚሠራው ፋይል፣ ሁለተኛው እሱ የሚሠራባቸው መነሻዎች፣ ሦስተኛው ከመነሻው ወደ ውጤቱ የሚያደርሰው ትእዛዝ ነው። እንጀራ ከሊጥ ይጋገራል፤ ሊጥም ከዱቄት ይቦካል እንደማለት ነው። «ሜክ» ሲጠራ ዱቄቱን አይቀምስም፤ ሊጡንም አይነካም። የሚመለከተው እያንዳንዱ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። መነሻው ከውጤቱ በኋላ የተለወጠ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ይሠራል፤ መነሻው ከውጤቱ በፊት የነበረ ከሆነ ግን «የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ያልፋል። ይህ ፍርድ ፈጣንና ቀላል ነው። ትክክል የሚሆነው ግን ሰዓቱ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው።

ጓደኛችን የሠራበት ማሽን አሮጌ ነው። በውስጡ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ አልቃለች። ረቡዕ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጠዋት ማሽኑ ሲበራ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2010 ላይ ቆመ። ስለዚህ ጓደኛችን ሐሙስ ጠዋት የጻፈው ፋይል የብዙ ዓመት አሮጌ ቀን ተለጠፈበት። ረቡዕ ማታ የተሠራው ውጤት ደግሞ ትክክለኛው ቀን ነበረው። «ሜክ» ሁለቱን ቢያስተያይ መነሻው ከውጤቱ በዓመታት የቀደመ ሆኖ አገኘው፤ እንደገና የሚሠራበት ምክንያት አልታየውም። በቀትር ላይ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ሰዓቱን አስተካከለው፤ የፋይሉ ቀን ግን እንደነበረ ቀረ። እኛም «ዛሬ አልተነካም» ብለን የመሰከርንበት ቀን ያ ቀን ነው። ዛሬ አለመሆኑን አየን፤ 2010 መሆኑን ግን አላየንም። በዚያ ዓመት ሁላችንም ገና ሕፃናት እንደነበርን እንኳ ለማሰብ ጊዜ አልወሰድንም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። «ሜክ» ራሱ ይህን አደጋ ያውቃል። አንድ ፋይል ከማሽኑ ሰዓት ወደፊት የሆነ ቀን ይዞ ሲያገኘው «ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ሥራው ሳይሟላ ሊቀር ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሐሙስ ጠዋት ጓደኛችን ሲያዘው ይህን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ታዲያ ለምን አላየውም? እኛ አራታችን ከሳምንት በፊት ሥራውን ለማቅለል አንዲት አጭር የትእዛዝ ፋይል ጽፈን ነበር። ኮምፓይለሩ የሚያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ስለበዙብንና ስላሰለቹን፣ የስሕተት መውጫው በሙሉ ወደ ባዶው ጕድጓድ እንዲፈስ አደረግነው። ስለዚህ ማሽኑ ተናግሯል፤ አፉን የያዝነው እኛ ነን። አፉን ከያዝነው በኋላ ዝም ማለቱን ምስክር አድርገን በጓደኛችን ላይ አቀረብነው።

ከዚህ ተነሥተን የጠፋ ውጤትን በሦስት ወገን ከፍለን ብንመለከተው ለሁላችን ይጠቅማል ብለን እናስባለን።

የመጀመሪያው ወገን፣ መሣሪያው ሥራው አልቋል ብሎ በማመኑ ምንም ሳይሠራ ሲቀር ነው። አንዱ ምክንያት አሁን የተናገርነው የሰዓት መዛባት ነው። ሁለተኛው ምክንያት በደንቡ ላይ ያልተጻፈ መነሻ ነው። በሲ ቋንቋ ብዙ ፋይሎች በጋራ የሚጠቀሙበት የመግለጫ ፋይል አለ፤ እሱ ተለውጦ በደንቡ ላይ ስሙ ካልተጻፈ «ሜክ» መለወጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህን በእጅ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ራሱ ዝርዝሩን እንዲያወጣ ማዘዝ ይሻላል። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የሚያስገርም ነው። በደንቡ ላይ «ፈተና» የሚል የሥራ ስም ሰጥተን፣ በዚያው ማኅደር ውስጥ «ፈተና» የሚባል ሌላ ፋይል ወይም ማኅደር ካለ፣ መሣሪያው ያ ነገር አስቀድሞ የተሠራ ውጤት ይመስለዋል። ስለዚህ ዘወትር «ወቅታዊ ነው» እያለ አንድም ፈተና ሳያካሂድ ያልፋል። መድኃኒቱ ስሙ የሥራ ስም እንጂ የፋይል ስም አለመሆኑን «ፎኒ» በሚለው ቃል ማስታወቅ ነው። አራተኛው ምክንያት የደንቦቹ ተራ ነው። ስም ሳንጠራ «ሜክ» ብለን ብቻ ያዘዝን እንደሆነ የሚሠራው በፋይሉ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈውን ደንብ ነው። አንድ ሰው አዲስ ደንብ ከላይ ቢጨምር፣ ትናንት ሁሉን የሠራው ትእዛዝ ዛሬ አንዲቱን ብቻ ሠርቶ በሰላም ይሰናበታል።

ሁለተኛው ወገን፣ ሥራው ተካሂዶ ሳለ ውጤቱ በጠበቅነው ቦታ የማይገኝበት ነው። «ሜክ» በአንድ ደንብ ሥር ያለውን እያንዳንዱን የትእዛዝ መስመር ለየብቻው በአዲስ ትእዛዝ ተቀባይ ያካሂዳል። በመጀመሪያው መስመር «ወደዚህ ማኅደር ግባ» ብለን፣ በሁለተኛው «እዚህ ሥራ» ብንል፣ ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን አያስታውስም፤ ፋይሉ ሌላ ቦታ ይወለዳል። ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ መስመር ላይ ማያያዝ ይገባል። ደግሞም በትእዛዙ መጀመሪያ ላይ የሰረዝ ምልክት ያለበት እንደሆነ፣ ያ ትእዛዝ ቢወድቅም «ሜክ» ቸል ብሎ ይቀጥላል። ከሁሉም የሚያታልለው ግን «ሜክፍላግስ» የሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ ነው። በሱ ውስጥ ኤን የሚለው ፊደል ተቀምጦ ከተገኘ፣ መሣሪያው ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ያትማቸዋል እንጂ አያካሂዳቸውም። ተመልካቹ ሥራው ሲሠራ ያየ ይመስለዋል፤ ማኅደሩን ሲከፍት ግን ባዶ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ወገን፣ ሥራው ተሠርቶ ወይም ተበላሽቶ ወሬው ብቻ ሳይደርሰን የሚቀርበት ነው። አንዳንዱ ዝምታ ታስቦ የተደረገ ነው። በትእዛዙ ፊት የ«አት» ምልክት ሲቀመጥ ትእዛዙ ይካሄዳል፤ ስሙ ግን አይታተምም። ዝም እንዲል የተጻፈ ደንብም እንዲሁ ያደርጋል። ሌላው ዝምታ የመውጫዎቹ ጉዳይ ነው። በዩኒክስና በሱ ሥርዓት በሚመሩት ማሽኖች ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ ለውጤት፣ ሁለተኛው ለስሕተት ነው። ውጤቱን ወደ ፋይል አስገባ ብለን ስናዝ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ፋይል ይገኙ ዘንድ ከተፈለገ፣ አስቀድሞ አንደኛውን መውጫ ወደ ፋይሉ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ወደ አንደኛው መምራት ያስፈልጋል። ተራው የተገለበጠ እንደሆነ ስሕተቱ ከፋይሉ ውጭ ይቀራል።

እንዲሁም የማጠራቀም ጉዳይ አለ። አንድ ፕሮግራም በቀጥታ ወደ ተርሚናል ሲጽፍ እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ይልካል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲጽፍ ግን ቃሉን ያጠራቅማል፤ በሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ 4096 ባይት ሲሞላ ነው የሚልከው። ይህ ነገር ሁላችንም የምናውቀው የታክሲ ተራ ነው። ወንበሩ ሳይሞላ መኪናው አይነሣም። ፕሮግራሙ በመካከል በድንገት ቢገደል፣ ተሳፋሪዎቹ በተራው ላይ እንደተቀመጡ ይቀራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ቃላት፣ ማለት ለመርማሪው ከሁሉ የሚያስፈልጉት ቃላት፣ አይደርሱትም። ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ጎን ለጎን እንዲካሄድ ያዘዝን እንደሆነም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአራተኛው የ«ጂኤንዩ ሜክ» ዕትም፣ የየሥራው ወሬ እንዳይደባለቅ እያንዳንዱ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ቃሉን ይዞ የሚያቆይ ምርጫ ገብቷል። ይህን የመረጠ ሰው ረጅም ዝምታ ሲያይ ማሽኑ የቆመ ሊመስለው አይገባም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ የአሮጌ መሣሪያ ችግር ነው፤ ዘመናዊዎቹን ብንጠቀም እንድናለን» ይሉ ይሆናል። በከፊል እውነት አላቸው። «ግሬድል» እና «ባዘል» የተባሉት መሣሪያዎች የፋይሉን ይዘት ራሱን በአኃዝ አሳጥረው ስለሚያስተያዩ፣ የእኛን የመሰለ የተሳሳተ ቀን በቀላሉ አያታልላቸውም። ነገር ግን ዝምታ በነሱም ዘንድ አለ። «ግሬድል» ፈተናዎችን ሲያካሂድ በፈተናው ውስጥ የሚታተመውን ቃል ካልታዘዘ በቀር በተርሚናሉ ላይ አያሳይም። «ኒንጃ» የተባለውም መሣሪያ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ቃል ትእዛዙ እስኪያልቅ ይዞ ያቆያል፤ ቀንንም ያስተያያል። ስለዚህ መሣሪያ መለወጥ ብቻውን ከመጠየቅ አያድንም።

ታዲያ ውጤት የጠፋበት ተማሪ ምን ያድርግ? እኛ ከደረሰብን የተማርነውን በተራ እንናገራለን።

አንደኛ፣ የማሽኑን ሰዓት ይጠይቅ። «ዴት» የሚለው ትእዛዝ አንድ ቃል ነው፤ እኛን ግን ከትልቅ ኀፍረት ባዳነን ነበር። ፋይሎቹንም ከነዓመተ ምሕረታቸው ዘርዝሮ ይመልከት።

ሁለተኛ፣ አፍ የሚይዘውን ነገር ሁሉ ያንሣ። የራሱን አጭር የትእዛዝ ፋይል ትቶ መሣሪያውን በቀጥታ ይጥራ፤ ውጤቱን ወደ ሌላ ቦታ አይምራ፤ ሥራዎቹም አንድ በአንድ እንዲካሄዱ ያድርግ።

ሦስተኛ፣ የመውጫ ቁጥሩን ይይ። ዜሮ ከሆነ መሣሪያው በራሱ አስተያየት ተሳክቶለታል፤ ከዜሮ ሌላ ከሆነ አልተሳካለትም። የመሣሪያው ቃል በቧንቧ ወደ ሌላ ፕሮግራም የተላለፈ እንደሆነ ግን የሚታየው ቁጥር የመጨረሻው ፕሮግራም ስለሆነ፣ የወደቀው ሥራ የተሳካ መስሎ ሊታይ ይችላል።

አራተኛ፣ በኤን ምልክት አዝዞ መሣሪያው ሊያደርግ ያሰበውን ሳያደርገው እንዲናገር ይጠይቀው። ምንም አላሰበም እንደሆነ ችግሩ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ አስቦ ሳለ ውጤቱ ከጠፋ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ነው።

አምስተኛ፣ «ዲበግ» ወይም «ትሬስ» በሚሉት ምርጫዎች ምክንያቱን ይጠይቀው። መሣሪያው የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚቀድም፣ ለምን እንደሠራና ለምን እንደተወ አንድ በአንድ ይናገራል። እኛም ፋይሉን ከፍተን ከደነገጥን በኋላ ያደረግነው ይህን ነው፤ የሁለቱ ቀናት አለመጣጣም ወዲያው ታየን።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ሁሉን ከመጀመሪያው እንደገና ይሥራ። ይህን በመጨረሻ ያደረግነው በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ነገር ሲበላሽ የተሠራውን ሁሉ ደምስሰን እንደገና መጀመር ለምደናል። ብዙ ጊዜም ይሳካል። ነገር ግን በሽታውን ከነማስረጃው ይቀብራል። እስቲ አስቡ፤ ያን ዕለት ከሁሉ አስቀድመን ሁሉን ደምስሰን ብንሠራ ኖሮ የዓመቱ ድምር ይወጣ ነበር። እኛም «አየህ፣ ስንቈጣህ አሁን ተደብቀህ ጻፍከው» እንለው ነበር። ፕሮግራሙ ተስተካክሎ፣ ሰው ግን ሳይስተካከል ይቀር ነበር። ስለዚህ ማስረጃን ከመደምሰስ በፊት ማንበብ ለፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ለሰው ክብርም ይጠቅማል።

ያን ምሽት የፋይሉን ቀን አድሰን «ሜክ»ን ስንጠራው ኮምፓይለሩ ሥራውን ጀመረ፤ የዓመቱም ድምር በመጨረሻው መስመር ላይ ወጣ። ሦስታችን ወደ ጓደኛችን መኝታ ክፍል ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እሱም «ይቅር ብያችኋለሁ፤ ነገር ግን እኔን ሳትጠይቁ ማሽኑን አመናችሁ» አለን። ዓርብ ዕለት ሥራውን በጊዜው አስረከብን። ጓደኛችን ግን ለብዙ ቀን ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ አልተቀመጠም፤ እኛም አልፈረድንበትም። ይህን ታሪክ በዚህ መድረክ እንድንናገር የፈቀደልን ስሙን እንዳንጠራ አስጠንቅቆ ነው።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለን። የጋራ ሥራ ሲሰጠን ውጤቱ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ መንገድም እንዲመረመር ቢደረግ፣ ማስጠንቀቂያን መድፈን እንደ ብልኀት ሳይሆን እንደ ጉድለት መቈጠሩን ቶሎ እንማር ነበር። ለእናንተ ለባልንጀሮቻችን ደግሞ የምንለው ይህ ነው። የላቦራቶሪውን የባትሪ ነገር ተናግረን ሁሉን በባትሪ ማላከክ ይቻለናል። ይሁን እንጂ ባትሪዋ ያጠፋችው የአንድን ማሽን ሰዓት ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያውን ያጠፋነው እኛ ነን፤ ዓመተ ምሕረቱን ሳናይ ቀኑን ብቻ ያየነው እኛ ነን፤ ከማሽኑ አስቀድመን ሰውን የጠረጠርነውም እኛው ነን።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። በሰው ዘንድ እውነት ሊሆን ይችላል። ከማሽን ዝምታ ግን ሥራው አለቀም፣ አልተጀመረምም፣ ተበላሽቶ ቀረም ብሎ መረዳት አይቻልም፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ዝምታ ይመጣሉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ተጠይቆ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የጠበቃችሁት መስመር ሳይወጣ ሲቀር፣ በአጠገባችሁ ወዳለው ጓደኛ ከመዞራችሁ በፊት ወደ ማሽኑ ዞራችሁ «ምን አየህ? ለምንስ ተውከው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልከለከልነው ይመልሳል።